ቤት ውስጥ አበባን በሽክርክሪት ሌንስ እንዴት ማንሳት ይቻላል (እኔ እስኪገባኝ ብዙ ተበላሽቶብኛል)

ሄሊዮስ 44-2 የሚባለው የድሮ የሶቪየት ሌንስ እጄ የገባ ቀን አንድ ጽጌረዳ ነጭ ግድግዳ ፊት አቁሜ አርባ ምናምን ፎቶ አነሳሁ። ሰው ሁሉ የሚያወራለት ያ የሚሽከረከር ባክግራውንድ (ከአበባው ጀርባ ያለው ብዥታ የሚዞር የሚመስልበት) አንዱም ላይ የለም። ያለው ነጭ ግድግዳ ነው፣ ትንሽ ደብዘዝ ያለ ነጭ ግድግዳ። ተሸውጃለሁ ብዬ ሌንሱን ካርቶኑ ውስጥ መልሼ ሁለት ወር ዞር ብዬም አላየሁትም። ሌንሱ ግን ምንም አልነበረበትም፣ የሚያሽከረክረው ነገር ያልሰጠሁት እኔ ነኝ። እዚህ የምጽፈው አብዛኛው ነገር ከዛ በኋላ የገባኝ ነው።

1. ሌንሱን መምረጥ

ብዙ ዓይነት አለ ግን ለአበባ የሚሆኑትን እኔ አራት ቦታ ነው የምከፍላቸው። አንደኛው ባክግራውንዱን የሚያሽከረክር ነው፣ ሄሊዮስ 44-2 (58 ሚሜ፣ ኤፍ 2፣ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ አፉን በሰፊው ይከፍታል ማለት ነው) እና የፔትዝቫል ዓይነት ሌንሶች እዚህ ይገባሉ። ፔትዝቫል ድሮ በፈረንጆቹ 1840 የተሰራ የፖርትሬት (የሰው ፊት ማንሻ) ሌንስ ነው፣ ያኔ ሰው ፎቶ ለመነሳት ሳይንቀሳቀስ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ስለነበረበት ዋናው ፍላጎት ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ነበር፣ ኤፍ 3.6 ደግሞ ለዛ ዘመን ተዓምር ነው። ዳር ዳሩ ላይ የሚመጣው ሽክርክሪት ጉድለቱ ነበር፣ ዛሬ እኛ ለዛችው ጉድለት ብለን ነው የምንገዛው።

ሁለተኛው የሳሙና አረፋ የመሰለ ክብ የሚሰራው ነው፣ ታዋቂው ትሪዮፕላን 100 ሚሜ ኤፍ 2.8። ውስጡ ሦስት መስታወት ብቻ ነው ያለው ግን ስሙ ስለወጣ ዋጋው አይቀመስም። ከድሮ ስላይድ ፕሮጀክተር የሚወጡት ዲያፕላንና ፔንታኮን ኤቪ የሚባሉት ተመሳሳይ አረፋ ይሰጣሉ፣ ችግራቸው አፐርቸርም (የሌንሱን አፍ የሚያሰፋውና የሚያጠበው) የፎከስ ቀለበትም የላቸውም፣ ስለዚ እየተሽከረከረ የሚረዝም ቱቦ ላይ ማሰር ይጠይቃል። ሦስተኛው ለስላሳ፣ ጭጋግ የለበሰ የሚመስል ነው፣ ሌንስቤቢ ቬልቬት 56 (ኤፍ 1.6) ጥሩ ምሳሌ ነው፣ እሱ ደግሞ ያለምንም ተጨማሪ ዕቃ አበባውን ከነመጠኑ ግማሽ አድርጎ ሴንሰር (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው) ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ ይጠጋል። አራተኛው ራሱ ዘመም የሚለው ዓይነት ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ ጥርት ብሎ ሌላው ይፈሳል። በሱ አትጀምሩ ባይ ነኝ፣ ፎከሱም ዘመሙም ባንድ ጊዜ ሲያምታታ ሰው ተስፋ ይቆርጣል።

ለስላሳው ዓይነት ይስማማኝ ይሆን ብሎ ለመሞከር ግን ሌንስ መግዛት አያስፈልግም። ርካሽ ዩቪ ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚታሰር መስታወት) ላይ ዳር ዳሩን በጣት ቫዝሊን መቀባት ነው፣ መሃሉን ባዶ መተው። ፊልተሩ ላይ አልኩ እንጂ ሌንሱ ላይ አላልኩም ደግሞ።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው በሄሊዮስ ነው፣ እሱን ስለማውቀው።

2. ካሜራው ላይ መግጠም

ሄሊዮስ 44-2 ኤም42 የሚባል በጥምዝ የሚገባ መግጠሚያ ነው ያለው፣ ለካሜራችሁ የሚሆን አዳፕተር ትፈልጋላችሁ። ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ከሆነ ምንም ጣጣ የለውም፣ ባዶ ብረት ቀለበት ነው። የኒኮን ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ላለው ሰው ግን ሁለት ዓይነት አዳፕተር ይሸጣል፣ ራሱ አዳፕተሩ መስታወት ያለውና የሌለው። ምክንያቱ ርቀት ነው፣ የኤም42 ሌንስ ከፊልሙ 45.46 ሚሜ ላይ መቀመጥ አለበት፣ ኒኮን ላይ ደግሞ መግጠሚያው 46.5 ሚሜ ላይ ነው፣ በዛች አንድ ሚሊሜትር የተነሳ ሩቅ ያለ ነገር ፎከስ አይገባም፣ መስታወቱ እሱን ለማረም ነው የገባው፣ ግን ርካሹ መስታወት ፎቶውን ያደበዝዘዋል። እኛ ደግሞ ተራራ ሳይሆን አበባ ነው የምናነሳው። መስታወት የሌለውን ግዙ፣ አለቀ።

አንዳንድ ካሜራ እንዲህ ዓይነት ሌንስ ሲገጠምለት "ሌንስ የለም" ብሎ ሹተሩን (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈተውን መጋረጃ) አይለቅም። ሜኑ ውስጥ ያለሌንስ ሹተር እንዲሰራ የሚፈቅድ ነገር አለ፣ እሱን ማብራት ነው። እኔ አንድ ሙሉ ምሽት አዳፕተሩን ስፈታና ሳስር አመሸሁ።

3. ብርሃን

መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት፣ ብርሃኑ ከጎን። የክፍሉን አምፖል አጥፉ፣ አለበለዚያ አንዱ ጎን ሰማያዊ ሌላው ብርቱካን ይሆናል። አምፖል የግድ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሮኒክ ሹተር (መጋረጃው ሳይንቀሳቀስ ያለድምፅ የሚያነሳውን) አትጠቀሙ፣ አንዳንድ ኤልኢዲ ፎቶው ላይ መስመር መስመር ያወጣል። ቬንትሌተር ካለ ይጥፋ።

4. ባክግራውንዱ፣ ዋናው ጣጣ

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ሽክርክሪት ሌንስ ከባዶ ሜዳ ሽክርክሪት አይፈጥርም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ከፎከስ ውጭ ያለውን እያንዳንዱን የብርሃን ነጥብ ወደ ክብ መቀየር ነው፣ መሃል ላይ ያለው ክብ ድቡልቡል ይሆናል፣ ወደ ዳር በሄደ ቁጥር ግን የሌንሱ አፍ ጎንና ጎኑን ስለሚቆርጠው የሎሚ ቅርጽ እየያዘ ይሄዳል፣ እነዛ ሎሚዎች ደግሞ ሁሉም መሃሉን ከበው ስለሚደረደሩ ዓይናችን ሲያየው የሚዞር ይመስለዋል። ስለዚ ግድግዳ ወይም ልሙጥ ጨርቅ ከኋላ ካስቀመጣችሁ ነጥብ የለም፣ ነጥብ ከሌለ ሎሚ የለም፣ ሎሚ ከሌለ ሁለት ወር ካርቶን ውስጥ።

ነጥብ ከየት ይመጣል? እኔ ሞክሬ የወደድኩት በትናንሽ ቅጠል የተሞላ የቤት ውስጥ ተክል ነው፣ ከኋላው ሌላ መስኮት ካለ በቅጠሎቹ መሃል የሚሾልከው ብርሃን አንድ በአንድ ክብ ይሆናል። ጌጥ መብራት ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ስለሆነ ትንሽ ይሰለቻል ግን ይሰራል። ከሁሉም የሚገርመው የወጥ ቤት ፎይል ነው። አንድ ክንድ ያህል ቁረጡ፣ በእጃችሁ ጨብጣችሁ በደንብ ጨምድዱት፣ ከዛ ሳትቀዱት ዘርጉትና ካርቶን ላይ ለጥፉት፣ ከጎን በኩል የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት አብሩበት። እያንዳንዷ ጭምዳጅ ጫፍ ላይ አንዲት ነጥብ ታበራለች። በባዶ ዓይን ስታዩት ቆሻሻ ነው የሚመስለው፣ ከአበባው ጀርባ በካሜራው ስታዩት ግን መቶ ምናምን ክብ ተንሳፍፎ ታገኛላችሁ። ከፊት ለፊት ካበራችሁበት ግን ፎይሉ ባንድ ላይ ነጭ ሆኖ ነጥቦቹ ይጠፋሉ፣ ከጎን ነው።

ከዛ ርቀቱ። እኔ አበባውን ከካሜራው 60 ሴሜ ገደማ፣ ባክግራውንዱን ደግሞ ከአበባው ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ወደኋላ አደርገዋለሁ። ከዛ ሲቀርብ ፎይሉ ፎይል መሆኑ ይታወቃል፣ ብዙ ሲርቅ ደግሞ ክቡ እየተለቀ እርስ በርሱ ይዋሃድና እንደ ሾርባ ይሆናል። ክፍላችሁ ጠባብ ከሆነ በሩን ከፍታችሁ ባክግራውንዱን ኮሪደሩ ላይ አቁሙት፣ እኔ እንደዛ ነው የማደርገው፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሊያልፍ ሲል እየዘለለው።

አበባዋን መሃል አካባቢ አድርጉ፣ ነጥቦቹ ዳር ዳሩን ይሙሉት፣ ሽክርክሪቱ ያለው ዳር ላይ ነውና። በዚሁ ምክንያት ክሮፕ ሴንሰር (ከፉል ፍሬም ያነሰ ሴንሰር) ያለው ካሜራ ዳሩን ስለሚቆርጥ ሽክርክሪቱም አብሮ ይቀንሳል፣ እንደ ፉል ፍሬም አይጠብቁ።

አንድ ሌላ ያልጠበቅኩት ነገር ደግሞ፣ በጣም ስትጠጉ ሽክርክሪቱ ይጠፋል። ሄሊዮስ በራሱ ከ50 ሴሜ በታች ፎከስ አያደርግም፣ ለመጠጋት ከጀርባው ኤክስቴንሽን ቀለበት (በሌንሱና በካሜራው መሃል የሚገባ ባዶ ቀለበት) ይገባል፣ 10 ሚሜ ቀለበት ስትጨምሩ አበባዋ እጥፍ ያህል ትተልቃለች፣ ግን ባክግራውንዱ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል። ወይ ቅርበት ወይ ሽክርክሪት፣ ሁለቱን ባንድ ፎቶ ፈልጌ ብዙ ቀን አቃጥያለሁ። ቀለበቱን የአበባዋን መሃል ብቻ ለማንሳት ተጠቀሙበት፣ ያኔ ቀለሙ ሲፈስ ራሱ ቆንጆ ነው።

5. አፐርቸርና ፎከስ (አብረው ነው የሚሄዱት)

44-2 ላይ ሁለት የአፐርቸር ቀለበት አለ፣ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። አንዱ እስከየት መዝጋት እንደምትችሉ ገደብ ያስቀምጣል፣ ሌላው በዛ ገደብ ውስጥ ልሙጥ ሆኖ ይከፍታል ይዘጋል። ገደቡን 4 ላይ አድርጋችሁ በሌላው መጫወት ነው። ኤፍ 2 ላይ ሽክርክሪቱ ሙሉ ነው፣ ኤፍ 4 ላይ ከሞላ ጎደል የለም፣ ክቦቹም ስምንት ማዕዘን ይሆናሉ ምክንያቱም ውስጡ ያሉት አፉን የሚከፍቱና የሚዘጉ ምላጮች ስምንት ናቸው።

ኤፍ 2 ላይ በ50 ሴሜ ርቀት ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት 6 ሚሜ ገደማ ነው፣ 10 ሚሜ ቀለበት ከገባ ደግሞ ከ2 ሚሜ በታች። ማለት ትንፋሽ ስትተነፍሱ ፎከሱ ያልፋል። ስለዚ ትራይፖድ፣ የሁለት ሴኮንድ ታይመር፣ ስክሪኑን አጉልቶ ማየት። ያ ጫፍ ጫፉን በቀይ የሚቀባው ፎከስ ፒኪንግ እንዲህ ባለ ሌንስ ላይ ብዙ አትመኑት፣ ከትክክለኛው ፊትም ኋላም ቀይ ይቀባል። አጉሉት፣ በዓይናችሁ እዩት። ትራይፖድ ከሌለ ደግሞ የፎከስ ቀለበቱን አንድ ቦታ ትታችሁ እናንተ ራሳችሁ ቀስ ብላችሁ ወደፊትና ወደኋላ ወዝወዝ እያላችሁ ደጋግማችሁ ተኩሱ፣ ከሃያው ሁለቱ ይወጣሉ።

የት ላይ ፎከስ ይደረግ? ከፊት ያለው የአበባው ቅጠል ጠርዝ ላይ። እኔ መጀመሪያ ሁልጊዜ መሃሏ ላይ አደርግ ነበር፣ ከፊት ያለው ቅጠል ደብዝዞ ተንጠልጥሎ አበባዋን የሸፈነ እድፍ ይመስላል። ለስላሳውን ዓይነት ሌንስ የምትጠቀሙ ደግሞ፣ ፎቶውን በምታነሱበት አፐርቸር ላይ ሆናችሁ ፎከስ አድርጉ፣ ከፍታችሁ ፎከስ አድርጋችሁ ከዛ ከዘጋችሁ ቦታው ይሸሻል።

ቱሊፕ ከሆነ ያነሳችሁት ሌላ ጉድ አለ። ቱሊፕ ከተቆረጠም በኋላ ያድጋል፣ ወደ ብርሃንም ይዞራል። አንድ ቀን ሁሉን አስተካክዬ ሻይ ላፈላ ሄጄ ምሳም በልቼ ስመለስ አበባው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ከፎከስ ወጥቷል፣ ትራይፖዱን ሰው ነክቶብኛል ብዬ ቤቱን አመስኩት። በቱሊፕ ፈጠን ነው። ሊሊ ደግሞ ቡናማ ዱቄቷ ልብስም ሌንስ ጨርቅም ላይ ከነካ አይለቅም፣ ድመት ያለው ሰው ግን ጭራሽ ሊሊ ቤቱ አያስገባ፣ ለድመት ኩላሊት መርዝ ነው።

6. ከደፈራችሁ ብቻ

የሄሊዮስን የፊት መስታወት ገልብጦ መግጠም የሚባል ነገር አለ። ከፊት ያለውን ስም የተጻፈበትን ቀለበት ትፈታላችሁ፣ ከስሩ መስታወቱን የያዘውን ቀለበት ትፈታላችሁ፣ መስታወቱን ገልብጣችሁ ትመልሳላችሁ። መሃሉ ትንሽ ይታያል፣ ዳሩ በሙሉ ይቀልጣል፣ አበባ ላይ እንደ ህልም ነው። የኔን የፈታሁት በመቀስ ጫፍ ነው። አንዴ ሸርተት አለና መስታወቱ ላይ ከጫፍ ጫፍ ባይሆንም የጥፍር ያህል ጭረት አተረፍኩ። ከጎን ብርሃን ሲሆን ፎቶው ላይ አይታይም፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ሲሆን ግን ጭረቷ ትንሽ ነጭ ጭስ ታመጣለች። ስም ያለበትን ቀለበት በጎማ ተጭናችሁ አዙሩት፣ ውስጠኛውን ደግሞ ለዚሁ በተሰራው ባለሁለት ጫፍ መክፈቻ። መቀስ የለም።

7. ኮምፒውተር ላይ

ሮ (ካሜራው ያልነካካውን ጥሬ ፋይል) አንሱ። ፎቶውን የሚያጠሩትን ክላሪቲና ሻርፕነስ የሚሉትን አትንኩ፣ ያን ሁሉ ለፍታችሁ ያመጣችሁትን ልስላሴ ባንዴ ያጠፉታል። እኔ አንዷን አበባ በ2፣ በ2.8 እና በ4 አነሳና ጎን ለጎን አስቀምጬ አያለሁ፣ ካሜራው ስክሪን ላይ ሁልጊዜ የምወደው የ2ቱን ነው፣ በማግስቱ ኮምፒውተር ላይ ሳየው የማስቀረው ግን ብዙ ጊዜ የ2.8ቱን ነው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ስለዚ ሦስቱንም ሳላነሳ ባክግራውንዱን ከኮሪደሩ አላነሳም።