«ገና ሕፃን ነው፣ ምን ያውቃል?» ቡችላና ጥጃ ስናሳድግ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ልጅ ሆኜ አዘዞ ግቢያችን ውስጥ አንድ ውሻ ነበር። የመጣልን ዓይኑን በገለጠ በሳምንቱ ነው። ጥሩ ዘበኛ እንዲሆን ተብሎ ሁለት ወር ሙሉ ማገዶ ቤት ጨለማ ውስጥ ታስሮ አደገ። ካደገ በኋላ ነጎድጓድ ሲሰማ ይሸና ነበር። አንዲት የጎረቤት ልጅ ልትዳብሰው እጇን ስትዘረጋ ነከሳት። ሌባ የገባ ሌሊት ደግሞ ድምፁ አልተሰማም። ሁላችንም «ዘሩ ነው» አልን። በኋላ የእንስሳት ጤና ስማር ነው የዘር ነገር ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ። ዛሬም ጎንደር ውስጥ በየግቢው ያንኑ ስህተት ስለማይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ዓይኑ እንኳ አልተገለጠ» ማለት

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይቺ ናት። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በተወለደ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ግን ይሸታል፣ ሙቀትና ብርድ ይለያል፣ የእናቱ ምላስ ይሰማዋል። አንጎሉ በእነዚህ ቀናት በፍጥነት እየተሠራ ነው።

ይህንን በደንብ ያሳዩት አይጦች ናቸው። ካናዳ፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማይክል ሚኒ ከባልደረቦቹ ጋር እናት አይጦችን ተከታተለ። አንዳንዷ ልጆቿን አብዝታ ትልሳለች፣ አንዳንዷ እምብዛም አትልስም። እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት ጥናት እንደሚለው፣ ብዙ የተላሱት ልጆች ካደጉ በኋላ ሲደነግጡ የጭንቀት ሆርሞናቸው ያን ያህል አይንርም። ትንሽ የተላሱት ግን ቶሎ ይደነብራሉ፣ ለመረጋጋትም ይቸገራሉ።

ለምን? አንጎል ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ። የማስታወስ ሥራው የታወቀ ነው። ከዚያም ሌላ የጭንቀት ሆርሞኑ ሲበዛ አውቆ «በቃ» የሚል ምልክት ይልካል። ፍሬን ነው በሉት። ከጎሃ ተራራ ቁልቁል ወደ ከተማ የሚወርድ ባጃጅ አስቡ። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ፍሬኑ ግን ልል ነው። በእናቱ ብዙ ያልተላሰ አይጥ ሂፖካምፐሱ ውስጥ ሆርሞኑን የሚቀበሉት ተቀባዮች ያነሱ ናቸው። ፍሬኑ የላላው እዚያ ላይ ነው።

ዘር ነው እንዳይባል ልጆቹን አቀያየሯቸው። ከማትልስ እናት የተወለደው ብዙ በምትልስ እናት ሥር ሲያድግ እንደ አሳዳጊው የተረጋጋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ምክንያቱን ጠለቅ ብለው አገኙት። እነዚያን ተቀባዮች የሚያሠራው ዘረመል ጽሑፉ ያው ነው። የተለወጠው በላዩ ላይ ያለው ኬሚካላዊ ምልክት ነው። ያንን ዘረመል የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው። የእናት ምላስ እስከዚያ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ያ ማገዶ ቤት ነው ትዝ ያለኝ።

እናቲቱን መርሳት

ሰው ሁሉ የሚሳሳው ለቡችላው ነው። እናቲቱን የሚያያት የለም። ክረምት ላይ ቦይ ሥር የወለደች ውሻ ታውቃላችሁ? ልጆች ድንጋይ ይወረውሩባታል፣ ጎርፍ ይመጣባታል፣ ቡችሎቿን በአፏ አንጠልጥላ ከቦታ ቦታ ትዞራለች። መመገብ ትጀምራለች፣ ትበረግጋለች፣ ትነሳለች።

አሜሪካ ውስጥ ታሊ ባራም የምትባል ተመራማሪ ይህንኑ የሚመስል ነገር በአይጥ ሠርታለች። ለእናቲቱ የምትጎዘጉዘውን ነገር ቀነሰችባት። እናቲቱ ልጆቿን አልተወችም፤ ከእነሱ ጋር የምታሳልፈው ጊዜ እንኳ እምብዛም አልቀነሰም። ግን እንክብካቤዋ ተቆራረጠ፣ መቼ እንደምትነሳ አይታወቅም። በእነዚያ ልጆች ላይ ካደጉ በኋላ የማስታወስ ችግር ታየ፤ ሂፖካምፐሳቸውም ተጎድቶ ተገኘ። ስለዚህ እናቲቱ አጠገባቸው መኖሯ ብቻ አይበቃም። ተረጋግታ መኖር አለባት።

የወለደች ውሻ ካለቻችሁ ደረቅ ጆንያና ነፋስ የማይገባበት ጥግ ስጧት። ውኃና ምግብ ቅርቧ አስቀምጡላት። ለሁለት ሳምንት እንግዳ አታስገቡባት። የመንገድ ውሻ ከሆነች ግን ምግቡን ከሩቅ አድርጉት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። ልጆቻችሁንም ድንጋይ አስጥሏቸው።

ቶሎ መንጠቅ

«ሰው እንዲለምድ ገና ሳይጠና ነው የሚወሰድ» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ቡችላ ዓለምን የሚለማመድበት ጊዜ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣ አንድ ጥናት፣ እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ያለ ሰው የታጠረ ሜዳ ላይ ያደጉ ቡችሎች ከዚያ በኋላ ሰውን መልመድ እጅግ ከብዷቸው ነበር። እንደ ዱር አውሬ ሆኑ።

ስህተቱ ታዲያ ሰው ለማልመድ ብሎ ከእናቱ መለየት ነው። እዚያው እናቱ ዘንድ ሄዳችሁ ልታለምዱት ትችላላችሁ። ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ጠንክሮ ከነከሰ ያኛው ይጮህና ጨዋታው ይቆማል። ጥርሱን መቆጣጠር የሚማረው እንዲህ ነው፤ ይህንን እኔና እናንተ እንደ ወንድሙ አድርገን አናስተምረውም። ስምንት ሳምንት ይሙላው፣ ከዚያ ውሰዱት። ክትባቱን እስኪጨርስ ደግሞ ሌሎች ውሾች የሚውሉበት መሬት ላይ አታውርዱት። አቅፋችሁት ሰፈሩን፣ ልጆቹን፣ የባጃጁን ድምፅ ይልመድ።

ጨካኝ እንዲሆን ማስጨነቅ

ጨለማ፣ አጭር ሰንሰለት፣ ዱላ፣ አንዳንድ ቤት ደግሞ በርበሬ። «ካልተቆጣ ዘበኛ አይሆንም» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አውቃለሁ፤ ክፋት የለባቸውም፣ ያዩትን ነው የሚያደርጉት። ግን እንዲህ የሚያድገው አንጎል ከሁሉ በፊት የሚማረው ፍርሃትን ነው። ፍርሃትን የሚያነሳው አሚግዳላ የሚባለው ክፍል በቀላሉ የሚቀሰቀስ ይሆናል። ሌባውን ከእንግዳው፣ እንግዳውን ከልጁ መለየት ያቅተዋል። ዘበኛ ማለት ደግሞ መለየት የሚችል ነው።

«ግን እኮ ይከተለኛል፣ ይወደኛል» ትሉ ይሆናል። ይቺን ስሰማ ሆዴን ይበላኛል። ሬጂና ሱሊቫንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳዩት፣ ዕድሜው 10 ቀን ያልሞላው የአይጥ ልጅ አንድን ሽታ ሕመም ካለው ንዝረት ጋር አብረው ቢሰጡት እንኳ ከሽታው አይሸሽም። እንዲያውም ይጠጋዋል። ያለ አሳዳጊ መኖር ስለማይችል አንጎሉ መጠጋትን ያስቀድማል። ስለዚህ መጠጋቱ ደህና መሆኑን አያሳይም።

ጥጃን ለብቻ ማሰር

የአገራችን ላም ጥጃዋን ሳታይ ወተት አታወርድም፤ ስለዚህ ጥጃው ከእናቱ ጋር ቢያንስ በቀን ሁለቴ ይገናኛል፣ ትልሰዋለች። ችግሩ የሚብሰው ከተማ ውስጥ በባልዲ የሚያድገው ዲቃላ ጥጃ ላይ ነው። በተወለደ በሰዓታት ውስጥ እንገሩን መጠጣት አለበት፤ 24 ሰዓት ገደማ ካለፈ አንጀቱ በሽታ ተከላካዩን ማሳለፍ ያቆማል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል።

ያልታወቀው የብቸኝነቱ ጉዳት ነው። ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ጥጆችን ወተት ያለበትን ምልክት አስተማሯቸው። ከዚያ ምልክቱን ገለበጡት። ከጓደኛ ጋር ያደጉት አዲሱን ለመዱ፣ ለብቻቸው ያደጉት ግን የድሮው ላይ ሙጭጭ አሉ። ሁለት ጥጃ ካላችሁ አንድ ጋጣ ውስጥ አድርጓቸው። ወጪ የለውም።

ምንም እንዳይነካው ማለት

ይህ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። ጭንቀት ሁሉ መርዝ አይደለም። ሲይሞር ሌቪን እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ እንዳሳየው፣ በየቀኑ ለደቂቃዎች ከጎጇቸው ተነስተው የተመለሱ የአይጥ ልጆች ካልተነኩት ይልቅ የተረጋጉ ሆነው አደጉ። ሲመለሱ እናታቸው አብዝታ ትልሳቸዋለች። በሌሎች ጥናቶች ግን በየቀኑ ለሦስት ሰዓት የተለዩት ተጎዱ። ቡችላችሁንም ለደቂቃዎች በእጅ ያዙት፣ አገላብጡት፣ ወደ እናቱ መልሱት። የሁለት ወር ቡችላ ይዞ ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ መውረድ ግን ማለማመድ አይደለም። ያን ሕዝብ፣ ያን እልልታና ከበሮ እንዴት ይቻለው?

«አበቃለት» ብሎ መተው

ከእናታቸው ተነጥለው የተጎዱ አይጦች በኋላ ሰፊ ቦታ፣ መጫወቻና ጓደኛ ሲሰጣቸው የጭንቀት ምላሻቸው እንደተስተካከለ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የጠፋው ሁሉ ይመለሳል ማለት አይደለም፤ ፍሬኑ ግን ይጠብቃል።

አሁን ከእኔ ጋር ያለችው ውሻ ክረምት ላይ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የተገኘች ናት። ያኔ አራት ወር ገደማ ይሆናት ነበር፣ ሰው ሲቀርባት መሬት ላይ ትለጠፍ ነበር። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ ፊቴን አዙሬ እቀመጥና ቁራሽ እንጀራ አስቀምጥላት ነበር። አልጠራኋትም፣ አልዳበስኳትም። ሦስት ወር ፈጀ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ከእጄ በላች። መጥረጊያ ሲነሳ ግን ዛሬም ትሸሻለች፤ ስለዚህ ግቢውን የምንጠርገው እሷ ጓሮ ስትሆን ነው።