የአየርላንድ ባህላዊ ዜማን በፒያኖ ስታጅቡ

መጀመሪያ ፒያኖውን ዝጉት። የአየርላንድ ዜማ ሊያጠና አጠገቤ የሚቆም ድምፃዊን ሁሉ በቅድሚያ የምጠይቀው ያለ መሣሪያ እንዲዘፍንልኝ ነው። «ሻን ኖስ» የሚባለው የቆየው የአየርላንድ አዘፋፈን አጃቢ አይፈልግም። ፍጥነቱን የሚወስነው ግጥሙና ትንፋሹ ነው። ድምፃዊው ሲተነፍስ ቦታውን ኖታው ላይ በእርሳስ ምልክት አደርግበታለሁ። በኋላ ፒያኖው የሚጠብቀው እዚያ ነው፤ ሜትሮኖም (ፍጥነት የሚቆጥረው መሣሪያ) አያስፈልግም።

ለጀማሪ የምሰጠው «ዳውን ባይ ዘ ሳሊ ጋርደንስ»ን ነው። ግጥሙን ገጣሚው ዬትስ እ.ኤ.አ. በ1889 አሳተመው። በስላይጎ አካባቢ አንዲት አሮጊት በከፊል ከሚያስታውሷቸው ስንኞች ተነስቶ ነው የጻፈው። የቤልፋስቱ ተወላጅ ሄርበርት ሂዩዝ ደግሞ በ1909 ከአንድ የቆየ ዜማ ጋር አዋህዶ የፒያኖ አጃቢ ሠራለት።

ዜማው አራት ሐረግ አለው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ይመሳሰላሉ። ከፍ የሚለው ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ፒያኒስቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሐረጎች ጉልበቱን ይቆጥብ። ብዙ ድምፃዊ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይጮኻል። ግጥሙን እዩት እንጂ! ልጅቷ «ፍቅርን ቀለል አድርገህ ያዝ» የምትለው እዚያ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ምክር በጩኸት ይነገራል እንዴ? ድምፁ ይውጣ፣ ግን ይለስልስ። በሁለተኛው አንጓ መጨረሻ ልጁ ሲያለቅስ እኔ ቀኝ እጄን አነሳለሁ። አንድ ረጅም የባስ ድምፅ ይበቃል።

ሁለተኛው የምሰጠው የአየርላንድ ዘፈን «ሺ ሙቭድ ስሩ ዘ ፌር» ግን ሌላ ጣጣ አለው። ዜማው የተለመደው ሜጀር አይደለም፤ ሚክሶሊዲያን በሚባለው ቅኝት ነው። መነሻችሁ ሬ ከሆነ ሰባተኛዋ ድምፅ ዶ ናት እንጂ ዶ ዳይስ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለችው ዶ) አይደለችም። ከልማድ የተነሳ እጃችሁ ወደ ላ ሜጀር ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ይሄዳል። ያ ኮርድ ዶ ዳይስ ስላለበት የዜማውን ጠረን ያጠፋዋል። በምትኩ ዶ ሜጀርን ሞክሩ። ግራ እጃችሁ ሬና ላን ብቻ ይያዝ፤ ፋ ዳይስን ተዉት። ያ ባዶነት ለድምፁ ቦታ ይሰጠዋል። ፔዳሉን ግማሽ ድረስ ብቻ ርገጡ።

የዚህ ዘፈን ከባዱ ነገር መጨረሻው ነው። ሙሽራዋ በመጀመሪያው አንጓ የሰጠችው የሠርግ ተስፋ በመጨረሻው ይደገማል። ቃሉ ያው ነው፣ አሁን ግን የምትናገረው በሌሊት እንደ ሙት መንፈስ ድምፅ ሳታሰማ የገባችው ናት። ድምፃዊው ለማስፈራራት ሲል ድምፁን ከለወጠ ነገሩ ይበላሻል። ልክ እንደ መጀመሪያው ይዝፈነው። ለውጡን ፒያኖው ይሸከም፦ ኮርዱን አንድ ኦክታቭ (ስምንት ድምፅ) ዝቅ አድርጉና በጣም ቀስ ብላችሁ ንኩት።

የዜማ ጌጥ ከፈለጋችሁ በረጃጅም አናባቢዎች ላይ ብቻ አንድ ሁለት ድምፅ አንቆርቁሩ፤ ያን ጊዜ ፒያኖው ኮርዱን ይዞ ይቁም። የድምፅ ከፍታውንም ድምፃዊው በተፈጥሮው ከሚያወራበት ብዙ አታርቁት። እነዚህ ዘፈኖች ታሪክ ናቸው፤ ቃሉ ካልተሰማ ዜማው ብቻውን አያወጣችሁም።

ሁለቱን ከለመዳችሁ በኋላ እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ብሪተን በ1943 ያሳተመውን የ«ሳሊ ጋርደንስ» ቅንብር ከሂዩዝ ጎን አስቀምጣችሁ አጥኑ። ቀጥሎ የደብሊን ተወላጁ ስታንፎርድ «አን አይሪሽ አይዲል» ብሎ በ1901 የጻፋቸው ስድስት ዘፈኖች አሉ። እኔ ከነሱ «ዘ ፌሪ ሎክ»ን አስቀድማለሁ።