ከጅማ አጋሮ፦ የአሮጌ መኪኖች የአንድ ቀን ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

ቮልስ፣ ፊያት 600፣ ፔጆ 404፣ ላዳና አሮጌ ላንድሮቨር አንድ ላይ ሲወጡ ቀኑን የሚወስነው ከሁሉም የደከመው መኪና ነው። መንገዱም፣ ሰዓቱም፣ ፍጥነቱም በእሱ ልክ ይቆረጣል። ጊቤ በረሃ ወርደን እንመለስ የሚል ሰው አይጠፋም፤ እይታው ያምራል፣ ቁልቁለቱና ሙቀቱ ግን ለታምቡር ፍሬንና ለአሮጌ ራዲያተር አይሆንም። አጋሮ ይሻላል፦ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱን ይዞ በዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ ቡና አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ካሉት ደረቅ ወራት አንዱን እሑድ ምረጡ። ወቅቱ የቡና ለቀማ ስለሆነ ጭነት የያዙ አይሱዙዎችን ጠብቁ።

1. ሳምንት ሲቀረው

ፍሬኑን አስቀድሙ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ሲግል ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ሁለት ዓመት ካለፈው ቀይሩት። ጎማ ጥርሱ ስላለ ብቻ አትመኑት፣ ጎኑ ከተሰነጣጠቀ አርጅቷል።

ቮልስ ያለው ሰው ቺንጊያውን በአውራ ጣት ይጫን፤ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ማራገቢያውንም ዲናሞውንም የሚያዞረው እሱ ብቻ ነው። መንገድ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ «ትንሽ ልሂድና» አይባልም፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዝበትን አየር አጥቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይቆማል። የፑንቲናው (የካንዴላውን ብልጭታ ጊዜ የሚወስነው መቆራረጫ) ክፍተት በ0.4 ሚሊ ሜትር ይስተካከል። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሊትር መጉደሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ቤንዚን ከዋዜማው ሙሉ። ወረፋው ጠዋቱን ይበላል፣ የመኪናው ታንከር ሲጎድል ደግሞ ከሥር የተቀመጠው ዝገት ወደ ካርቡራተር ይሳባል።

2. የጋራ ዕቃ

ሁሉም መኪና ሁሉን መያዝ የለበትም። ኋላ የሚሄደው የመካኒኩ መኪና እነዚህን ይያዝ፦ ለየሞዴሉ አንድ ቺንጊያ፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና ከነኮንደንሰሩ፣ ሁለት የቤንዚን ማጣሪያ፣ ሁለት ሜትር የቤንዚን ቱቦ፣ ካላማዳሪ፣ 4 ሊትር ዘይት፣ 20 ሊትር ውሃ፣ መጎተቻ ገመድ፣ እሳት ማጥፊያ። ክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ጣውላ አትርሱ፤ የመንገዱ ዳር ቀይ አፈር ሲረጥብ ክሪኩን ይውጠዋል። ሊብሬ፣ ቦሎና መድን የየሾፌሩ ጉዳይ ነው።

3. መጀመሪያ ጅሬን

ብዙዎች ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማታ ያስቀሩታል። እኛ ለጠዋት እንላለን። ጅሬን ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፤ ከሩቅ ጉዞ በፊት መኪናን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሡ። ሲወጡ የሙቀት መለኪያውን ተመልከቱ፣ ሲወርዱ በሁለተኛ ማርሽ ያዙትና ፍሬኑን እየነካችሁ ልቀቁ፤ ረግጦ መቆየት ሸራውን ያቃጥለዋል።

ከታች ስትደርሱ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቸርኬ አስጠጉ፤ ሊያቃጥል ስለሚችል አትንኩት። ግራና ቀኙ እኩል ከሞቁ ደህና ነው። አንዱ ብቻ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው፤ የእጅ ፍሬን ገመዱ ወይም ውስጡ ያለው ፒስተን ተይዟል። ይህ መኪና ካልተስተካከለ አጋሮ አይሄድም። ባለቤቱ ሌላ መኪና ላይ ይሳፈር፣ ቅሬታውም ምሳ ላይ ይረሳል።

4. ሰልፉ

ከአምስት መኪና በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ፤ የተጠጋጋ ረጅም ሰልፍ ሚኒባሶችን አጉል ቅደማ ውስጥ ያስገባል። ደካማው መኪና ከመሪው ቀጥሎ ይግባ፣ መካኒኩ መጨረሻ። ፍጥነት 50 እስከ 60። እያንዳንዱ ሾፌር ተጠያቂነቱ ከኋላው ላለው መኪና ነው፦ በመስታወት ካጣው ይቀንሳል፣ መታጠፊያ ላይ እስኪያየው ይቆማል። ባጃጅ ከሚበዛበት ከተማ እስክትወጡ ሰልፉ መቆራረጡ አይቀርም፤ መገናኛ ቦታ ከከተማው ውጭ ይወሰን።

5. መኪናው ቆሞ አልነሣ ሲል

ሩብ ሰዓት ፎቶ ተነሥታችሁ ስትመለሱ ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሣም። መጀመሪያ አሽትቱ። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ታፍኗል፤ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ሳትለቁ አስነሡ። ካልሸተተ ቤንዚኑ በሙቀት ቱቦው ውስጥ ተንኖ ሊሆን ይችላል። ኮፈኑን ክፈቱ፣ እርጥብ ጨርቅ የቤንዚን ፖምፓውና ቱቦው ላይ አድርጉ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ።

ራዲያተር ከፈላ ክዳኑን አትንኩ። ጅማ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር።

6. አጋሮና መልስ

ቡና መጀመሪያ ተገኘበት የሚባለውን የጮጬን መንደር ማየት ከፈለጋችሁ መገንጠያውን ከመግባታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ አጋሮ ላይ ጠይቁ፤ ዝቅ ያሉት መኪኖች ሾፌሮች በላንድሮቨሩ ተሳፍረው ቢሄዱ ይሻላል። ቡና ማሳ ሳታስፈቅዱ አትግቡ፣ የጋለ ማርሚታ ያለውን መኪና ደረቅ ሣርና ቅጠል ላይ አታቁሙ።

ከአጋሮ 9 ሰዓት ላይ ተነሡ። የ6 ቮልት መብራት ያላቸው የድሮ ቮልሶች ሲመሽ መንገድ ላይ ያለ ከብት አያሳዩም። ጅማ መግቢያ ላይ መሪው ቆሞ ይቁጠር፤ የመካኒኩ መኪና ሳይደርስ ማንም ወደ ቤቱ አይበተን።