ብሮኮሊ በሞቃት አካባቢ መቼ ይዘራል? በመስቀል ዘርቶ በገና መቁረጥ

ብሮኮሊ ብርድ ይወዳል። አዳማ፣ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ግቢያችሁ ውስጥ ልትተክሉት ካሰባችሁ ከሁሉ በፊት ይሄንን ያዙ። ቅጠሉ ሙቀት ይችላል፣ የምንበላው ራስ፣ ማለትም የእምቡጦቹ ጥቅል፣ ግን አይችልም። ራስ በሚያወጣበት ሰሞን ሙቀቱ ቀን ከቀን ከ27 ዲግሪ በላይ ከሆነ እምቡጦቹ ይላላሉ፣ ቶሎም ያብባሉ።

እኔ አዳማ ላይ መጀመሪያ የዘራሁት ጥር መጨረሻ ነበር። ዘሩ እጄ የገባው ያኔ ነዋ። ቅጠሉ ሲያምር በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ሚያዝያ ላይ ግን የሎሚ ያህል ራስ አወጣና በሳምንቱ ቢጫ በቢጫ ሆነ። ያበበ ጎመን ዘር ነው የሚመስለው። ከዚያ ወዲህ ቀኑን የምቆጥረው ከብርዱ ተነስቼ ወደ ኋላ ነው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። አዳማ ላይ ሌሊቱ ደህና የሚበርደው ከህዳር እስከ ጥር ነው። ራሱ በዚህ ውስጥ መውጣት አለበት። ችግኙ መደብ ላይ 5 ሳምንት ይቆያል። ከተዛወረ በኋላ እንደ ዝርያው ከ60 እስከ 80 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ መስቀል ሰሞን ዝሩ፣ ጥቅምት 20 አካባቢ አዛውሩ፣ ከገና አካባቢ እስከ ጥምቀት ትቆርጣላችሁ። ድሬዳዋ ስለሚሞቅ አንድ ሁለት ሳምንት ዘግየት በሉ፣ ሙቀት የሚችል ዝርያም ፈልጉ። የዘሩ ፓኬት ላይ «60 ቀን» ቢል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ችግኙ ከተዛወረበት ቀን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ዘሩን 1 ሳንቲሜትር ያህል አፈር አልብሱት። በሳምንት ውስጥ ይበቅላል። የመስከረም ፀሐይ ቀትር ላይ ስለሚከር ከላይ የሳር ጥላ ሥሩለት። ለማዛወር አንድ ሳምንት ሲቀር ጥላውን ቀስ በቀስ አንሱ፣ ውሃውንም ቀነስ አድርጉ።

4 ወይም 5 እውነተኛ ቅጠል (ሲበቅል መጀመሪያ ከሚወጡት ሁለት ቅጠሎች በኋላ የሚመጡትን) ሲያወጣ ሳትዘገዩ አዛውሩት። መደብ ላይ ከ6 ሳምንት በላይ የቆየ ችግኝ አዝራር የምታህል ራስ አውጥቶ ሊቀር ይችላል። የተብላላ ፍግ አስገቡ፣ በችግኞቹ መሃል 45 ሳንቲሜትር ተዉ፣ አመሻሹ ላይ ትከሉ። ሥሩን በሳር ጉዝጓዝ ሸፍኑት፤ አፈሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ እርጥበትም ይይዛል። ውሃ አታቋርጡበት።

ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። አመድማ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነገር ካያችሁ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው፣ በውሃ እጠቡት። አረንጓዴ አባጨጓሬዎችን በእጅ ልቀሙ።

መቁረጫው ጊዜ አጭር ነው። ራሱ ጥብቅ ብሎ፣ እምቡጦቹ የክብሪት ጫፍ ሲያህሉ ነው። አንዲት ቢጫ የአበባ ቅጠል ከመሃሉ ብቅ ካለች በዚያው ቀን ቁረጡ። በጠዋት፣ ከነግንዱ 15 ሳንቲሜትር ያህል፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርጉት። ተክሉን ግን አትንቀሉ። ከጎን ትንንሽ ራሶች እያወጣ፣ የካቲት ላይ ሙቀቱ እስኪበረታ ያበላችኋል።