መስክ ላይ ዲሽ ሲተክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደቡብ ኦሞ፣ ቱርሚ ላይ አንድ ምሽት ዲሽ ስናዞር አመሸን። ሹፌራችን ሳህኑን ወደ ምዕራብ አዙሮ «ድሮም በዚህ ነው የምንይዘው» እያለ ይከራከራል። የኳሱ የመጀመሪያ አጋማሽ በዚህ ክርክር አለቀ።

ድሮስ ልክ ነበር። ድሮ የምንይዘው ሳተላይት፣ ናይልሳት፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ሲፈለግ በስተምዕራብ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን ብዙዎቹ የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደሚባለው የሳተላይት ሥርጭት ዞረዋል፤ እሱ ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በኮምፓስ 115 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፣ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ። ጂንካ ሲደርሱ ወደ 105፣ ሰመራ ሲሄዱ ወደ 125 ይጠጋል። ኮምፓሱን ሲያዩ ከመኪናው ራቅ ይበሉ፤ ብረቱ መርፌውን ያሳስተዋል፣ የስልኩንም ኮምፓስ ጭምር።

ሁለተኛው ስህተት ሳህኑን ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። ኢትዮሳት ከአዲስ አበባ 66 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ነው፣ ወደ አናት የቀረበ ማለት ነው። ኤልኤንቢው (ሲግናሉን የሚቀበለው ጭንቅላት) ከታች ወጣ ያለለት የተለመደው ሳህን ደግሞ ፊቱ ከዞረበት ከ20 ዲግሪ በላይ አሻቅቦ ነው የሚያየው። ስለዚህ ለናይልሳት ሊቆም ምንም አልቀረውም፣ ለኢትዮሳት ግን ጋደም ማለት አለበት። ምሰሶው ከተንጋደደ ይህ ሁሉ ልኬት ይበላሻል፤ ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥለው ቱንቢ ይስሩለት።

ዛፍ ይከልለው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ነገር ልጠቁም። በመስቀል ሰሞን ረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ሳተላይቱ ካለበት አቅጣጫ ትደርሳለች። ያን ጊዜ ሳህኑ ላይ የዛፍ ጥላ ካረፈ ቦታ ይቀይሩ። በነዚያው ቀናት ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃ ቢጠፋ ፀሐይዋ ናት፤ ቡለን አይንኩ። በመጋቢት መጀመሪያም እንዲሁ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን በሪሲቨሩ ነው። ሲግናል የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች አሉ፣ ጥንካሬና ጥራት። ጥንካሬው ኤልኤንቢው መብራት ካገኘ ሳህኑ ወደ ድንጋይ ቢዞርም 60 እና 70 ሊያሳይ ይችላል። እሱን አይተው «ይዘነዋል!» ብለው ቡለን የሚያጠብቁ አሉ። መታየት ያለበት ጥራቱ ነው። ውጭ ያለው «አለ?» ይላል፣ ውስጥ ያለው «የለም!» ይላል፤ መልሱ እስኪደርስ ሳህኑ ሳተላይቱን አልፎት ሄዷል። ሪሲቨሩ ሲግናል ለማንበብ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይፈልጋልና በጣት ስፋት ያህል አዙረው ይቁሙ፣ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይቀጥሉ። ቢቻል ቴሌቪዥኑን ራሱን ወደ ውጭ ያውጡት።

ሲጨንቅ ሪሲቨሩን ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ መመለስ ደግሞ የከፋ ነው። ቤት በደህና ይሠራ የነበረው ፍሪኩዌንሲ ሁሉ ይጠፋል፤ ኔትወርክ በሌለበት ከየት ያመጡታል? ከመነሳትዎ በፊት የሴቲንጉን ገጽ በስልክ ፎቶ ያንሱት።

ገመዱ ጫፍ ላይ ከተጠለፈው ሽቦ አንዲት ክር የመሃሉን መዳብ ከነካች ሾርት ነው። ሪሲቨሩን ነቅለው፣ ኮኔክተሩን ፈተው፣ በጥፍርዎ ወደ ኋላ ይመልሷት። እኛም ቱርሚ ላይ ወደ ምሥራቅ ካዞርን በኋላ ያገኘነው ይህንኑ ነበር፣ የፀጉር ያህል ቀጭን ክር። ግማሾቹ ቻናሎች ብቻ ከገቡ ግን ሌላ ነው። ሪሲቨሩ ለቨርቲካል (በቁም ለሚላኩት) ቻናሎች 13፣ ለሆሪዞንታል (በአግድም ለሚላኩት) 18 ቮልት ወደ ኤልኤንቢው ይልካል፤ ረጅምና ቀጭን ገመድ ወይም የደከመ ባትሪ 18ቱን ያሳንሰዋል። ገመዱን ያሳጥሩ።

ኤልኤንቢውን ቀጥ አድርጎ ማሰርም እኛ ሀገር አይሠራም። ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ በብዙ መጠምዘዝ አለበት። ቤት ሳይፈቱት በማርከር ምልክት ያድርጉበት፤ መስክ ላይ ደግሞ ጥራቱ እስኪጨምር በዝግታ ያዙሩት።

ዶፍ ሲወርድ ሥዕሉ ከተቆራረጠ ሻይ አፍልተው ይጠብቁ። ዝናብ ላይ ዲሽ ያዞረ ሰው ሲያባራ እንደገና «አለ?» «የለም!» ውስጥ ይገባል።