ቦይለርና ቲቪ ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ክብደቱን በባዶው ማስላት። 80 ሊትር ቦይለር ከሱቅ ሲወጣ አንድ ጠንካራ ሰው ይሸከመዋል። ውሃ ሲሞላ ግን 80 ኪሎ ይጨመርበትና 100 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ግድግዳው ሌት ተቀን የሚሸከመው ይህንን ነው።

ብሎኬትን እንደ ኮንክሪት መቁጠር። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። የአብዛኛው ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጡ ክፍት ብሎኬት ነው። ፑንታው (የመብሻው ጫፍ) ልስኑንና ቀጭኑን የብሎኬት ገጽ እንደበሳ ድንገት ወደ ባዶው ይሰምጣል፤ እዚያ የገባ ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) የሚነክሰው ነገር አያገኝም። ሲጠብቅ የሚሰፋው የብረት ብሎንም ገጹን ይሰነጥቀዋል። ዕቃው ወዲያው አይወድቅም፤ ጥቂት በጥቂት እየላላ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። መፍትሔው ግድግዳውን አሳልፎ መብሳት ነው፦ 12 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ዘንግ፣ ከጀርባ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ 5 ሚሊ ላሜራ፣ ሮንዴላ (ከዳዶው ሥር የሚገባ ቀለበት) እና ዳዶ (ዘንጉ ላይ የሚጠብቀው)። ከጀርባ የጎረቤት ቤት ካለ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ወይም ቢም (የኮንክሪት አግዳሚ) ይፈልጉ። ያም ካልተገኘ የብሎኬቱን ገጽ ከፍተው ዘንጉን በኮንክሪት ይቅበሩት፤ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ እያጠጡ ሳይጠነክር አይስቀሉበት።

ልስኑን እንደ ግድግዳ መቁጠር። 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ልስን ክብደት አይሸከምም። ኮለን ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ፊሸር ለመክተት ቀዳዳው እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይጥለቅ፤ ብሎኑም በዚያው ልክ ይርዘም። ለ10 ሚሊ ፊሸር 10 ሚሊ ፑንታ ይጠቀሙ፤ አቧራውን ጠርገው ያውጡ። ፌሮ ካጋጠመዎት ቦታ ይቀይሩ።

ተዘርጋፊ ክንድ ያለው ብራኬት (የቲቪ መስቀያ) ብሎኬት ላይ ማሰር። ቲቪው ወደ ፊት በተሳበ ቁጥር የላይኛው ብሎን ላይ ያለው ጉተታ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ለብሎኬት ከግድግዳው የሚጣበቀው ዓይነት ይሻላል። ወደ ቲቪው ጀርባ የሚገባው ብሎን ከረዘመም የውስጡን ክፍል ይወጋል።

ከሶኬት በላይ፣ በታች ወይም ጎን በቀጥታ መብሳት። ሽቦው የሚሄደው በዚያ ነው። ብሬከሩን ሳያጠፉ አይብሱ።

የላላ ብሎንን አጥብቆ መተው። የቦይለሩ አናት ከግድግዳው ከራቀ ወይም በብሎኑ ዙሪያ ልስኑ ከተሰነጠቀ ቀዳዳው ተበላሽቷል። ኤሌክትሪኩን ያጥፉ፣ የውሃ መግቢያውን ይዝጉ፣ ውሃውን ያፍስሱ፣ ከዚያ አውርደው በሌላ ቦታ እንደገና ይብሱ። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ቦይለሩን አይስቀሉበት፤ ወለል ላይ በቆመ የአንግል ብረት ያስቀምጡት።