ዓሣ ከመግባቱ በፊት አዲስ አኳሪየም እንዴት ሳይክል ይደረጋል?

አኳሪየም ገዝቶ፣ ውሃ ሞልቶ፣ በማግስቱ ዓሣ መጨመር የተለመደ ነው። ብዙም ሳይቆይ ዓሦቹ ወደ ላይ እየወጡ አየር ይስባሉ፣ ስንጥባቸው ይቀላል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ያልቃሉ። ሻጩም «የታመመ ዓሣ ሸጠልኝ» ተብሎ ይታማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚገድላቸው ራሳቸው ያወጡት አሞኒያ ነው። «ውሃውን እኮ ሁለት ቀን አሳድሬዋለሁ» ማለትም አያድንም፤ ማሳደር ክሎሪኑን ያስወጣል እንጂ አሞኒያ የሚበላ ነገር አይፈጥርም።

አሞኒያን የሚያስወግዱት ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፤ ናይትራይትም የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ መርዝ ነው። ሁለተኞቹ፣ በተለይ ናይትሮስፓይራ የሚባሉት፣ ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርጉታል። ናይትሬት ካልበዛ ዓሣ ይችለዋል፤ ሲበዛም ውሃ በመቀየር ይቀነሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት በፊልተሩ (በውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው እንጂ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው አይደለም። ሳይክል ማድረግ ማለት ዓሣ ሳይኖር አሞኒያ እየመገቡ እነሱን ማራባት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች አዲስ አበባ ውስጥ ላለ 60 ሊትር ውሃ የተሰሉ ናቸው።

የሚያስፈልጉት፦ ስፖንጅ ያለው ፊልተር፣ 100 ዋት ሂተር (የውሃ ማሞቂያ)፣ ኤር ፓምፕ (አየር መንፊያ)፣ ቴርሞሜትር፣ መርፌ የሌለው 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ እና አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች (የውሃውን አሲድነት) የሚለካ በጠብታ የሚሠራ መመርመሪያ። ውሃ ውስጥ የሚነከሩት የመመርመሪያ ወረቀቶች ዋጋቸው ይረክሳል፣ ግን ለዚህ ሥራ አይመከሩም፤ ብዙዎቹ አሞኒያን ጭራሽ አይለኩም።

1. ውሃውን ሙሉ

በ20 ሊትር ጀሪካን እየቆጠራችሁ ሙሉ። አኳሪየሙ ላይ የተጻፈው መጠን ጠጠሩን ስለማይቀንስ አትመኑት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ደግሞ የሚጨመረው ባክቴሪያ ለመግደል ነው። የክሎሪን ማጥፊያ ጨምሩ፣ ከሌለ ኤር ፓምፕ እየነፋ ሁለት ቀን ይቆይ። ከዚያ ፊልተሩን አስነሱ፣ ሂተሩን 27 ዲግሪ ላይ አድርጉ። የአዲስ አበባ ቤት፣ በተለይ በክረምት፣ ይቀዘቅዛል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ሥራው በእጥፍ ሊረዝም ይችላል።

ኤር ፓምፑን ከሳይክሉ በኋላም አታጥፉት። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፣ እነዚህ ባክቴሪያዎች ደግሞ ከፍተኛ ኦክስጅን ፈላጊዎች ናቸው።

2. አሞኒያ አዘጋጁ

በጣም የሚመቸው አሞኒየም ክሎራይድ ነው፤ የላቦራቶሪ ኬሚካል ከሚሸጡ ሱቆች ይጠየቃል። 19 ግራም በትንሽ ውሃ አሟሙና ጠቅላላው 500 ሚሊ ሊትር እስኪሆን ውሃ ጨምሩበት። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር በ60 ሊትር ላይ ሲገባ 2 ሚሊግራም በሊትር አሞኒያ ይሰጣል። ጠርሙሱ ላይ ጻፉበት፣ ከልጆችም አርቁት።

የጽዳት አሞኒያ ካገኛችሁ ነቅንቁት፤ አረፋው ቶሎ ካልጠፋ ሳሙና አለበትና ተዉት። አሞኒያንና በረኪናን በፍጹም አንድ ላይ አታድርጉ፤ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። የዓሣ ምግብ እየበተኑ ማበስበስም ይቻላል፣ ግን ስንት አሞኒያ እንደገባ ሳይታወቅ ቤቱ ይሸታል።

3. ዘር ፈልጉ

አቋራጭ ካለ ይህ ነው። ለወራት ያለ በሽታ የቆየ አኳሪየም ካለው ሰው ቁራጭ ስፖንጅ ለምኑ፤ በዚያው አኳሪየም ውሃ እንደረጠበ አምጥታችሁ ፊልተራችሁ ውስጥ ክተቱት። ሥራው ወደ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሊያጥር ይችላል። ውሃውን ብቻ ማምጣት ጥቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በጠርሙስ የሚሸጠው ባክቴሪያ ደግሞ እንደ ዕድል ነው፤ ቀኑ ያለፈበት ወይም ሙቀት ላይ የከረመ ከሆነ ገንዘብ ማባከን ነው።

4. መግቡ፣ ለኩ

የመጀመሪያውን 10 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። በየሁለት ቀኑ አሞኒያውን ለኩ፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ እንደገና 10 ሚሊ ሊትር ስጡ። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ ላይታይ ይችላል። ውሃው እንደ አጓት ቢደፈርስም አትንኩት፣ በራሱ ይጠራል።

5. ናይትራይቱ ሲቆም

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። አሞኒያው በአንድ ቀን ዜሮ ይገባል፣ ናይትራይቱ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ያው ወይን ጠጅ ቀለም ይሆናል። አንደኛው ምክንያት ሁለተኞቹ ባክቴሪያዎች ሥራ የሚጀምሩት ናይትራይት ከታየ በኋላ ብቻ መሆኑ ነው፤ የሚራቡትም ቀስ ብለው ነው። ሌላው የሂሳብ ጉዳይ ነው። 1 ሚሊግራም አሞኒያ 2.7 ሚሊግራም ናይትራይት ይወልዳል። 2 ሚሊግራም በሊትር አምስት ጊዜ የሰጠ ሰው 27 ሚሊግራም በሊትር ናይትራይት አከማችቷል ማለት ነው፤ የተለመደው መመርመሪያ ግን ከ5 በላይ አያሳይም። ስለዚህ ናይትራይቱ ከ27 ወደ 10 ቢወርድም ቀለሙ አይለወጥም፣ ባለቤቱም «ቆሟል» ብሎ ሁሉን ደፍቶ እንደገና ይጀምራል።

መፍትሔው ማቅጠን ነው። በሲሪንጁ 1 ሚሊ ሊትር የአኳሪየም ውሃ ውሰዱ፣ 9 ሚሊ ሊትር የታሸገ ውሃ ቀላቅሉበት፣ ከድብልቁ ለኩና ውጤቱን በ10 አባዙ። ከ15 በላይ ከሆነ ግማሹን ውሃ ክሎሪን በሌለው ውሃ ቀይሩ። ባክቴሪያው ስፖንጁ ላይ ስላለ ውሃ መቀየር ሥራችሁን አያበላሽም። ከዚያ ምግቡን በሁለት ቀን አንዴ ወደ 5 ሚሊ ሊትር ቀንሱ። ናይትራይቱ መውረድ ከጀመረ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዜሮ ይገባል።

ውሃ ቀይራችሁም ካልወረደ ፒኤቹን ለኩ። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ አሲድ ይፈጥራሉ፤ ፒኤች ከ6.5 ሲወርድ ይደክማሉ፣ 6 አካባቢ ሲደርስ ሥራ ያቆማሉ ማለት ይቻላል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በብርጭቆ ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩና በማግስቱ ለኩ። ከ7 እስከ 8 መካከል ጥሩ ነው።

በዚህ ጊዜ የናይትሬት ውጤት አያታልላችሁ። መመርመሪያው ናይትሬቱን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ቀይሮ ስለሚለካ ናይትራይት ባለበት ውሃ ሁልጊዜ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ኤፒአይ በሚባለው ኩባንያ መመርመሪያ ደግሞ የናይትሬቱን ሁለተኛ ጠርሙስ 30 ሴኮንድ፣ ጠብታው ከገባ በኋላም ቱቦውን አንድ ሙሉ ደቂቃ በኃይል መነቅነቅ ግድ ነው፤ ኬሚካሉ ታች ስለሚዘቅጥ፣ ያልተነቀነቀ ጠርሙስ ናይትሬት ሞልቶ ዜሮ ይላል።

6. ማለቁን ማረጋገጥ

ማታ 10 ሚሊ ሊትር ስጡ። በማግስቱ ማታ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆኑ ድገሙት። ሁለተኛውም ቀን ዜሮ ከሆነ አልቋል።

አሁን የተከማቸውን ናይትሬት አውጡ። ሂተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ፤ እንደጋለ ከውሃ ውጪ ከቀረ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ከውሃው ከ80 እስከ 90 በመቶውን ቀይሩ፣ ናይትሬቱ ከ20 ሚሊግራም በሊትር በታች ይሁን፣ ሙቀቱን ወደ 25 ዲግሪ አውርዱ። ዓሣውን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ አስገቡ። ከዘገየ ባክቴሪያው እንዳይራብ 5 ሚሊ ሊትር አሞኒያ በየቀኑ መስጠት አታቋርጡ፤ ዓሣው ከሚገባበት ቀን በፊት ግን አቁማችሁ አሞኒያው ዜሮ መሆኑን ለኩ። ካሰባችሁት ዓሣ ግማሹን አስቀድሙ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ምግብ አሳንሱ፣ በየቀኑ ለኩ።

ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ በባልዲ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ቧንቧ ስር ያጠበ ወይም «አሮጌ ነው» ብሎ በአዲስ የቀየረ ሰው ወደ መጀመሪያው ሳምንት ተመልሷል።

መብራት ሲጠፋ በዩኤስቢ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ከፓወር ባንክ ጋር ይበቃል። ውጪ የሚቀመጥ ዝግ ፊልተር ካላችሁ ግን መብራቱ ለሰዓታት ከቆየ ስፖንጁን አውጥታችሁ አኳሪየሙ ውስጥ ኤር ፓምፑ አጠገብ አስቀምጡት። ፊልተሩ ውስጥ ታፍኖ የቆየውን ውሃ ሳትደፉ ደግሞ አታስነሱት፤ ኦክስጅን ያጣው የሸተተ ውሃ በአንዴ ወደ ዓሦቹ ይገባል።